ፌስታላችሁን ይዛችሁ ኑ፦ የሪህ መድኃኒት፣ ማስታገሻ፣ ማዕድና መጠጥ ሲገናኙ

(ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ በእድራችን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ላልመጡት እንዲደርስ ጻፍኩት።)

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

የእድራችን ዳኛ ስለ ሪህ እንድናገር ሲጠይቁኝ ወዲያው እሺ አልኩ። ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ስውል "ሪህ አለብኝ" የሚል ሰው ሳይመጣ የሚመሽበት ቀን ጥቂት ነው። ፋሲካም ደርሷል። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ እያነከሰ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ሳይዘገይ መነጋገሩ ይሻላል።

የማወራው ስለ አንድ ኪኒን አይደለም። መድኃኒት ከመድኃኒት፣ ከምግብና ከመጠጥ ጋር ሆዳችን ውስጥ ሲገናኝ ስለሚሆነው ነው። በአንድ ፌስታል ልጀምር።

አምና አንድ አባት በባጃጅ መጡ። የግራ እግራቸውን ጫማ አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል። የአውራ ጣታቸው ሥር ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው ያብለጨልጫል። "ሌሊት ነው የጀመረኝ። ጋቢው ሲነካው እንኳን ያስጮኸኛል" አሉ። ከዚያ "ጠንከር ያለ ማስታገሻ ስጠኝ" አሉኝ። እኔም "አባባ፣ በመጀመሪያ ቤት ያለዎትን መድኃኒት በሙሉ ልየው" አልኳቸው። ልጃቸው በዚያው ባጃጅ ሄዶ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ተመለሰ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም፣ ግማሹ የተዋጠ። ሌላ ስም ያለው ሳጥን፤ ገልብጬ ሳነበው እሱም ዲክሎፌናክ ነው። ኢቡፕሮፌን። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ። በወረቀት የተጠቀለለ ኮልቺሲን። ሦስት ፍሬ ብቻ የጎደለው አሎፑሪኖል። በመጨረሻ ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላቸው መድኃኒት፣ ገና አራተኛ ቀኑ። ከአራት ቦታ የተገዛ ነው። ያዘዙትም ሆኑ የሸጡት ሰዎች አንዳቸው የሌላውን አላዩም። ሁሉም የተገናኘው እሳቸው ሆድ ውስጥ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ይወጣል። አስቀድሜ ግን ስለ ራሱ ስለ ሪህ ትንሽ ልበል።

እኛ አገር የሚያምም መገጣጠሚያ ሁሉ ሪህ ይባላል። ጉልበት ሲያረጅ ሪህ፣ ወገብ ሲይዝ ሪህ፣ ቁርጥማትም ሪህ። እኔ ዛሬ የማወራው ሐኪሞች ጋውት ስለሚሉት ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ደም ውስጥ ሲበዛ የሚመጣው ማለት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተመርምረው ሳያውቁ አሥር ዓመት ሥጋ የተዉ ሰው አውቃለሁ። የነበረባቸው የጉልበት መሸርሸር ነበር።

ዩሪክ አሲድ ሁላችንም ደም ውስጥ አለ። ኩላሊት በሽንት ያስወግደዋል። በዴሲሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን ሟሙቶ መቆየት ይከብደዋል። ማር በብርድ ሲረጋ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። እግር ከሌላው አካል ቀዝቀዝ ይላል፤ ሌሊት ደግሞ ይብሳል። ዩሪክ አሲዱ እዚያ እንደ መርፌ የሾለ ጥቃቅን ጠጠር ሆኖ ይረጋል። ሰውነት ጠላት መጣ ብሎ ሲነሳበት ያ ሕመም ይፈነዳል። ጋቢ የማያስነካው እሱ ነው።

ስለዚህ ሁለት ሥራ አለ። አንዱ የፈነዳውን እሳት ማጥፋት ነው። ለእሱ ማስታገሻዎቹ፣ ኮልቺሲንና ፕሪድኒሶሎን አሉ። ሌላው ጠጠሩን ማሟሟት ነው። ለእሱ አሎፑሪኖል አለ። አብዛኛው ሰው እሳቱን ብቻ እያጠፋ ይኖራል። ጠጠሩ እዚያው ነው።

አሁን ወደ ፌስታሉ።

ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ መዋጥ ሕመሙን በእጥፍ አይቀንስም፤ ጉዳቱን ግን ያበዛል። ጠዋት መርፌውን ተወግቶ ማታ ኪኒኑን የሚጨምር ሰው ያው ነው። የሳጥኑ ስም አያታላችሁ። ከትልቁ ስም ሥር በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አስነብቡ። ፓራሲታሞል የዚህ ቤተሰብ አይደለም። ጨጓራን አይነካም፣ ለሪህ እብጠት ግን ብዙም አይረዳም።

የእኝህን አባት ፌስታል ሳይ ያስደነገጠኝ ግን የማስታገሻው መደራረብ ብቻ አልነበረም። ዲክሎፌናክ፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ይገባዋል። ኩላሊት በግፊት የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ስለሚያበዛ የውኃውን መጠን ይቀንሳል። ኢናላፕሪል የመውጫውን ቦይ ያሰፋል። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ይህ ጥሩ ነው፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ዲክሎፌናክ ሲጨመር ግን የመግቢያውን ቦይ ያጠብባል። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ሰፍቶ፣ ውኃውም አንሶ ማሳው አይጠጣም። በሙቀት ያላበው ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ላይ ሲሆን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ሽንት ሲያንስ፣ ፊትና እግር ሲያብጥ አትጠብቁ። ሆስፒታል ሂዱ።

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሌላም ነገር አለው። ራሱ ዩሪክ አሲድን ያስቀራል። ሌላው ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት፣ ፉሮሴማይድም እንዲሁ። ለልብ በትንሹ የሚወሰደው አስፕሪንም ያንኑ ያደርጋል። ይህን ሰምታችሁ ዛሬ ማታ እንዳትተዉ፣ እለምናችኋለሁ። ለሐኪማችሁ "ሪህ አለብኝ፣ የግፊቴ መድኃኒት ሊቀየር ይችላል ወይ?" በሉት። ሎሳርታን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ለምሳሌ ዩሪክ አሲድን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። የልብ አስፕሪን ግን ለሪህ ተብሎ አይጣልም።

እግረ መንገዴን ስለ ቲቢ ልበል። ፒራዚናማይድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ዩሪክ አሲድን በኃይል ከፍ ያደርጋል። ቲቢ ጀምሮ መገጣጠሚያው የታመመ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ለሚሰጠው ጤና ጣቢያ ይናገር። በተለመደው ሕክምና ፒራዚናማይድ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መድኃኒት ነው።

ወደ ኮልቺሲን ልምጣ። ይህ የዱሮ መድኃኒት ነው፤ ከአበባ የሚገኝ። ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው። ድሮ "ተቅማጥ እስኪያመጣ ድረስ በየሰዓቱ ዋጥ" ይባል ነበር። ዛሬም እንደዚያ የሚወስዱት አሉ። በ2010 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ጥናት ትንሹ መጠን ከትልቁ እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። አሁን የሚመከረው ሕመሙ እንደጀመረ 1 ሚሊግራም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ግማሽ ሚሊግራም ነው። በዚያ ቀን በቃ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ከዚህም ያነሰ ነው፤ አንዳንዱም ጨርሶ አይሰጠውም።

እዚህ ላይ ነው የጨጓራ ባክቴሪያው መድኃኒት የሚገባው። እኛ አገር ጨጓራውን ያላመመው ማን አለ? ተመርምሮ ባክቴሪያው ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ነው። ክላሪትሮማይሲን ኮልቺሲን ከሰውነት የሚወጣበትን በር ይዘጋል። ኮልቺሲኑ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ተቅማጥና ትውከት፣ ከዚያ የጡንቻ መዛል፣ ከዚያ የደም ሴሎች ማነስ ይመጣል። ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይህ ጥምረት ገድሏል። ሁለቱም በሐኪም የታዘዙ፣ እያንዳንዳቸውም ደህና መድኃኒቶች ናቸው። መገናኘት ግን አልነበረባቸውም።

አሞክሳሲሊንም ከአሎፑሪኖል ጋር ሲሆን የቆዳ ሽፍታ ሊያበዛ ይችላል። በዚያ ላይ ባክቴሪያ ጨጓራውን ላቆሰለበት ሰው ዲክሎፌናክ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። አያችሁ፣ የጨጓራው ሕመምና መድኃኒቱ ሦስቱንም የሪህ መድኃኒቶች ይነካሉ። ስለዚህ የባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ "የሪህ መድኃኒት እወስዳለሁ" በሉ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከኮልቺሲን ጋር ጡንቻችሁ ቢዝል ተናገሩ። ግሬፕፍሩት የሚባለው መራራ ፍሬም ኮልቺሲንን ያስቀራል፤ እሱን በምትወስዱበት ሰሞን ይቅርባችሁ።

አሎፑሪኖሉ ለምን ሦስት ፍሬ ብቻ ጎደለ? ጠየቅኳቸው። "ሦስት ቀን ወሰድኩት። ጭራሽ አስነሳብኝ። ተውኩት" አሉ። ይህን ስንት ሰው እንደነገረኝ አልቆጥረውም። እውነታቸውን ነው። ጠጠሩ መሟሟት ሲጀምር ይነቃነቃል፤ ሲነቃነቅ ያማል። ሕመሙ መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩን ነው የሚናገረው። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እኔ በዚህ በጣም አዝናለሁ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ምክር ነው።

አሎፑሪኖል ከ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ይጀመራል። በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየታየ ከፍ ይላል። ግቡ ዩሪክ አሲዱን ከ6 በታች ማውረድ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት በትንሽ ኮልቺሲን ወይም በሌላ መከላከያ ይታጀባል። ሕመሙ መሀል ላይ ቢነሳ አይቋረጥም፤ ማስታገሻው ይጨመርበታል እንጂ። ሲሻላችሁም አይቋረጥም። የማስጠነቅቃችሁ በአንድ ነገር ነው። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ አፍ ከቆሰለ፣ ዓይን ከቀላ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን አቁሙት፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ። አዛታዮፕሪን የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ አሎፑሪኖልን ለሐኪሙ ሳይናገር አይንካ።

ስለ መጠጥ አሁን። ፊታችሁ ላይ እያየሁት ነው፣ ይህን ስትጠብቁ ነበር።

አልኮል ሁለት ነገር ያደርጋል። ጉበት ዩሪክ አሲድ እንዲያመርት ይገፋዋል፣ ኩላሊት ደግሞ እንዳያስወጣው ያግደዋል። በ2004 እንደ ፈረንጆቹ በአሜሪካ 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ሪህን በጣም የጨመረው ቢራ ነበር። ጠንካራ መጠጥ በሁለተኛ ደረጃ፤ በልኩ የተጠጣ ወይን ብዙም አልታየበትም። ቢራ ከአልኮሉ ሌላ ከእህሉና ከእርሾው የሚመጣ ፑሪን አለው። ፑሪን ሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚሆነው ነገር ነው። ለዚህ ነው ከአልኮል ነጻ የሚባለው ቢራም ለሪህ ነጻ የማይሆነው። ጠላ በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም። ግን ብቅል ነው፣ እህል ነው፣ እርሾውም ከነአተላው ነው። ለእኔ የቢራ የቅርብ ዘመድ ነው። ጠጅ አልኮሉ ላይ የማሩን ስኳር ይጨምራል። ብርዝና ለስላሳም አልኮል ባይኖራቸው ስኳራቸው ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋል።

መጠጥ ከኪኒን ጋር ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። አረቄና ዲክሎፌናክ ሁለቱም ጨጓራን ይልጣሉ። አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያደሙ ናቸው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ ነገ አይባልም። ፓራሲታሞል ከዘወትር ጠጪ ጉበት ጋር አይስማማም፤ ለሌላው ሰው በቀን እስከ 4 ግራም የሚፈቀደው ለእሱ ከ2 ግራም ባይበልጥ ይሻላል። ትራማዶል የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ከመጠጥ ጋር ከሁሉም የከፋ ነው። እንቅልፉ ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይደክማል። ወጣቶች እዚህ ካላችሁ ይህን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።

ምግብ ላይ አሳጥራለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ስለ ምግብ ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ኪኒኑን ጥሎ ምስርና ሽሮ የሚፈራ ሰው ሞልቷል። በዚያው ጥናት ባቄላ፣ አተርና ምስር ሪህ አላመጡም። ሽሮ ንጹሕ ነው፣ ብሉ። የሚከብደው ጉበት፣ ኩላሊትና ሌላው የሆድ ዕቃ ነው። ዱለት ማለት ነው። ቀይ ሥጋ ሲበዛ፣ ሰርዲንም እንዲሁ።

ጣናን ታቅፈን ስለ ዓሣ ሳልናገር አላልፍም። ቆሮሶውም አምባዛውም በመጠኑ ይበላል። ሪህ ላለበት ሰው የምሰጋው ከዓሣው ይልቅ ለሾርባው ነው። ፑሪን በውኃ ይሟሟል። ራስና አጥንቱ ረጅም ሰዓት ተቀቅሎ የሚወጣው ያ ወፍራም ሾርባ ፑሪኑን ይዞት ይወጣል። ሕመም በተነሳበት ሳምንት "ኃይል ይሰጣል" ተብሎ በትልቅ ሳሕን ሲሰጥ አያለሁ። በዚያ ሳምንት ይቆይ።

ደስ የሚል ነገርም ልንገራችሁ። አሬራ ቅቤው የወጣለት ስለሆነ ለሪህ ከሚመከሩት ውስጥ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው አይብም። እንቁላል ፑሪን የለውም ማለት ይቻላል። ቡናም የሚጠጡ ሰዎች ላይ ሪህ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የዘጌን ቡና በስኳር ሳታሰጥሙት ጠጡ። ውኃ በደንብ ጠጡ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን መጠኑን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ጾሙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ አላችሁ። ዲክሎፌናክን በባዶ ሆድ አትዋጡ። አሎፑሪኖል በቀን አንዴ ስለሆነ ማታ ከእራት በኋላ በብዙ ውኃ ይወሰዳል፤ ጾሙ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ጸበል የምትጠጡም እንዲሁ፣ ጸበሉንም ኪኒኑንም ያዙ። ሰውነት ውኃ አጥቶ ሲውል ዩሪክ አሲዱ ይወፍራል። ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋ ተለይቶ በአንድ ሌሊት ቁርጥ፣ ዱለት፣ ጠላና አረቄ ሲገናኙበት ደግሞ ያኔ ነው ሌሊቱን የሚያስነሳው።

የእኝያን አባት ነገር ልጨርስ። ዲክሎፌናኩን አልሸጥኩላቸውም። መጀመሪያ ተቀየሙኝ። በፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፌ ወደ ሐኪም ላክኋቸው። ኩላሊታቸውም ስኳራቸውም ታየ። ለአጭር ቀን ፕሪድኒሶሎን ተሰጣቸው፣ ኮልቺሲኑ የጨጓራው መድኃኒት እስኪያልቅ ተቀመጠ። ከሳምንት በኋላ ሁለቱንም ጫማ አድርገው መጡ። አሎፑሪኖሉን ከወር በኋላ በ100 እንደገና ጀመሩት። እስካሁን አላቋረጡም።

ጥያቄ ያለው ካለ ብዬ ስጠይቅ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። "ታዲያ ለፋሲካ ባለቤቴን ምን ላብላው?" አሉኝ። "እንቁላሉን ከዶሮው ወጥ አብዝተው ያውጡለት፣ ከዶሮውም ትንሽ። አይብ ይጨምሩለት። ዱለቱን አያቅርቡለት። ማታ ኪኒኑን ከእንጀራው ጋር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡለት" አልኳቸው።

ከኋላ አንድ ጋሼ ተነሡ። "ማስታገሻውን ጠዋት ወስጄ አረቄውን ማታ ብጠጣስ? ስንት ሰዓት ይበቃል?" አሉ። ጥያቄው የብዙዎች ነው፣ በቅንነት ስለጠየቁም አመሰገንኳቸው። "ሰዓት ቆጥሬ ልሰጥዎት አልችልም፣ ጋሼ። የጠዋቱ ኪኒን ጨጓራዎን ካሳሳው በኋላ ማታም አልዳነም። ማስታገሻ በሚወስዱባቸው ቀናት አረቄ ጨርሶ አይኑር። እግርዎ ሲድን፣ ማስታገሻውም ሲያልቅ ይምጡና ዩሪክ አሲድዎን አይተን ስለ አረቄው እንነጋገራለን" አልኳቸው። "ማክሰኞ እመጣለሁ" አሉ። ፌስታላቸውን እንዳይረሱ ነገርኳቸው።